በአምስተኛው ቀን የተነካው ፕሌት

ጥቅምት 19 ቀን፣ ከቤት

ውድ ባለቤቴ፤

«ከላይ ርዕሱ የተጠቀሰውን ጽሑፍ ሰርዘናል። መዋቅሩ የተወሰደበት ክሪስታል ፐርና ክራይ የተባሉትን ሁለት ፕሮቲኖች በአንድነት የያዘ ሳይሆን ክራይን ብቻ የያዘ መሆኑ ተረጋግጧል። ስህተቱ የተፈጠረው ክሪስታሎቹን ባሳደገችው በመጀመሪያዋ ደራሲ እጅ ነው። ሁለተኛው ደራሲ በስህተቱ ምንም ድርሻ የለውም።»

ይህ የአንቺ ጽሑፍ ነው፤ የመጀመሪያዋ ደራሲ አንቺ፣ ሁለተኛው እኔ። አራት ዓረፍተ ነገር። አራት ነጥቡን ሳላስቀር የገለበጥኩት ነገ «እኔ እንዲያ አላልኩም» እንዳትዪኝ ነው። ትናንት ጠዋት ከመጽሔቱ «አንብበው ይፈርሙ» ከሚል ማሳሰቢያ ጋር ደረሰኝ። ሁለታችንም በአንድ ቃል ካልፈረምን አያትሙትም፤ የሚጠብቁንም እስከ ኅዳር 20 ብቻ ነው።

እኔ በዚህ ላይ አልፈርምም።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች እንከን የላቸውም። ቁጥሮችሽን ሦስት ጊዜ ፈተሽኳቸው። ወደዚያ ለሥራ ስትሄጂ በናይትሮጅን ታንክ የወሰድሽውን የመጨረሻውን ክሪስታል አሟሟሽ፣ ውስጡ ያለውን መዘንሽ፣ አንድ ፕሮቲን ብቻ አገኘሽ። ጥሩ ሥራ ነው። የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት «እንሥራው» ስትዪኝ እንቢ ያልኩሽ ሥራ ነው። ጠቤ ከሦስተኛውና ከአራተኛው ዓረፍተ ነገር ጋር ነው። በሃያ ሁለት ዓመት ትዳር ብዙ ስም አውጥተሽልኛል፤ «ሚሊሜትር» ያልሽኝን መላው ተቋም ወርሶታል፣ በር ጠባቂው ሳይቀር። «ምንም ድርሻ የለውም» ግን ካወጣሽልኝ ስም ሁሉ የከፋው ነው። በማን ፈቃድ ነው ንጹሕ ያደረግሽኝ? ማን ለመነሽ? ስለ አንድ ሞለኪውል ክንድ ስትጽፊ አምስት ማስረጃ የምትደረድሪ ሴት፣ ስለ ባልሽ ስትጽፊ አንድ ማስረጃ እንኳ ማቅረብ ከበደሽ?

ወረቀቱን እንደያዝኩ ዲኑ ቢሮ ሄድኩ። ታውቂዋለሽ፤ ሲናደድ ፈገግ የሚል ሰው ነው።

«ምን ቸገረህ ጋሼ?» አለኝ። «እሷ በገዛ እጇ ጽፋለች። ፈርምና ዝም በል።»

«እውነት አይደለም።»

«የቱ? ክሪስታሉ?»

«እጁ።»

«የምን እጅ?»

«በማን እጅ እንደተበላሸ ነው የምልህ።»

ፈገግ አለ። ተነሥቶ በሩን ዘጋው። «ስማኝማ። በሚቀጥለው ወር የተቋሙ ዳይሬክተርነት ለቦርዱ ይቀርባል። ከአንተ ስም ሌላ የቀረበ ስም የለም። እሷ ደግሞ ሩቅ ናት። አንድ መስመር እኮ ነው፤ ሰው አንብቦ ይረሳዋል።»

«እዚያ ላቦራቶሪ በኃላፊነት ሊሰጧት ነው። እጇ አበላሸ ተብሎ የታተመባትን ሴት ማን በላቦራቶሪ ያምናታል?»

«ይህን እሷ አላሰበችበትም ብለህ ነው? ለመሆኑ አንተ ለሷ አሳቢ የሆንከው ከመቼ ወዲህ ነው?»

ወረቀቱን አጥፌ ተነሣሁ። እኔ ክርክር ሳልጨርስ ስነሣ እሱ አይቶ አያውቅም፤ እኔም አይቼ አላውቅም። ሁለታችንም ደነገጥን።

አየሽ፣ ዙሪያ ጥምጥም እየሄድኩ ነው። ሌላውን ሰው በዚህ ጥፋት ስንቴ እንደዘለፍኩ ታውቂያለሽ። እንግዲህ ቀጥታ ልጻፈው፤ አንቺ ባልነበርሽበት ሳምንት፣ በአምስተኛው ቀን፣ ክሪስታሎቹ የሚያድጉበትን ፕሌት የነካሁት እኔ ነኝ።

ከዲኑ ቢሮ የወረድኩት ወደ ቀዝቃዛው ክፍል ነው። ቁልፉን ዛሬም የያዙት አባ በረዶ ናቸው። ጡረታቸው ሁለት ጊዜ ደርሶ ሁለት ጊዜ ተራዝሟል፤ ያንን ካፖርት አሁንም በሐምሌም በጥርም አያወልቁትም። የድሮው የመግቢያ መዝገብ እንዳለ ጠየቅኳቸው።

«ዓመቱን አትንገረኝ» አሉኝ። ከመደርደሪያው ሥር ጎትተው አወጡና ጠረጴዛው ላይ ጣሉት። ገጹን ፈልገው ለማግኘት ሩብ ደቂቃ አልፈጀባቸውም። የእኔ ፊርማ ነው፤ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከአሥር ገባ፣ ስምንት ተኩል ወጣ። ያን መዝገብ ያስጀመርኩት እኔ ራሴ መሆኔን ላስታውስሽ አያስፈልግም።

«የዚያን ቀን ስትወጣ ጓንትህን መሬት ላይ ጥለህ ሄድክ» አሉኝ። «ሚሊሜትር ጓንቱን መሬት የጣለ ቀን አንድ ጉድ አለ አልኩ።»

«ታዲያ ምነው ሳይናገሩ?»

«ማን ጠየቀኝ? እኔ የሚገባውን እጽፋለሁ እንጂ የሚሠራውን አልጽፍ። ደግሞ ፈርመሃል። የፈረመ ሰው ይደብቃል ብዬ እንዴት ልጠርጥር?»

ገጹን ፎቶ ኮፒ አነሣሁ። ስወጣ «ቸኩለህ ነበር እንዴ ያኔ?» ብለው ጠየቁኝ። አዎ አልኳቸው። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» አሉና ካፖርታቸውን ቆለፉ።

ዛሬ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ልጃችን ከሆስፒታል ገባች። ሳምንቱን የሌሊት ተራ ነበረች፣ ያለፈውን የቀን፣ የሚመጣውን ደግሞ የሌሊት። ዐይኗ ሥር ጠቁሯል፣ ከስታለችም፤ እንዳትደነግጪ፣ ምግብ አላቋረጠችም። መስኮቷ ላይ ጥቁር ጨርቅ ደርቤ ሰፍቼላታለሁ፤ አንድ ሳንቲሜትር ተንጋዶብኝ ፈትቼ እንደገና ሰፋሁት። ሰው ቁርሱን ሲበላ እሷ እራቷን ትበላለች። «የሰውነት ሰዓት ሊቃውንት ልጅ፣ የራሷ ሰዓት የጠፋባት» እያለች ትቀልዳለች። እኔን አያስቀኝም።

«አባዬ፣ ምን ሆነሃል? ሳህኑን እንደ ጠላት ነው የምትፈትገው» አለችኝ።

ወረቀቱን ሰጠኋት። ሁለቴ አነበበችው።

«አልገባኝም። ለበሽተኛ እንደሚነገር አድርገህ አስረዳኝ።»

የጎማ ጓንቶቼን አወለቅኩና ጠረጴዛው ላይ ዘረጋኋቸው። «በእያንዳንዱ ሕዋስ ውስጥ ክሎክና ቢማል የሚባሉ ሁለት ፕሮቲኖች አሉ። ተቃቅፈው ዲኤንኤው ላይ ይቀመጡና ፐርና ክራይ እንዲሠሩ ያዛሉ። ፐርና ክራይ ሲበዙ ተያይዘው ይመለሱና ያስገኟቸውን ሁለቱን ዝም ያሰኟቸዋል።»

«ልክ እንደ እኛ ቤት።»

«አንቺ ልጅ፣ ስሚ። ከዚያ ፐርና ክራይ ቀስ በቀስ ይፈርሳሉ፤ ወላጆቹም እንደገና አፍ ያወጣሉ። አንዱ ዙር አንድ ቀን ያህል ይፈጃል። እንቅልፍሽም ረሀብሽም በዚህ ዙር ነው የሚሄደው። እኔና እናትሽ የሳልነው ፐር ክራይን የት ላይ እንደሚይዘው ነው።» የቀኙን ጓንት ጣቶች በግራው አንጓ ላይ አሳረፍኩ። «እዚህ ጋ ነው አልን።»

«አይደለም?»

«አይደለም። ክሪስታል ውስጥ ሞለኪውሎቹ እንደ ጡብ ተጠጋግተው ነው የሚደረደሩት። እኛ የፐር እጅ ያልነው አጠገቡ የቆመው የሌላኛው ክራይ ጅራት ነበር። የጎረቤት ጅራት ነው እጅ ብለን ያሳተምነው።»

ሳቀች። እኔም ልስቅ ምንም አልቀረኝም ነበር። ከዚያ «ታዲያ በዚህ የተጎዳ ሰው አለ?» አለችኝ።

አንቺ በኢሜይል የጻፍሽልኝን ነገርኳት። አጠገብሽ ያለችው ተማሪ በዚያ እጅና በክራይ መካከል ባለው ጎድጓዳ ውስጥ ገብቶ የሚቀመጥ መድኃኒት ለመሥራት ሦስት ዓመት ደክማለች። ጎድጓዳው የለም። ኖሮም አያውቅም።

«ለምን በሽታ ነበር መድኃኒቱ?»

«ለበሽታ አይደለም። የሥራ ሰዓታቸው ለሚቀያየርባቸው ሰዎች ነው። እንቅልፋቸው እንዲስተካከል።»

ማንኪያዋን አስቀመጠች። ነጭ የለበሰችውን ልጄን እያየሁ ነው ይህን ያልኩት። በተናገርኩት ሰዓት ራሱ ነው ምን እንዳልኩ የገባኝ።

«ያጠፋችው እማዬ ናት ወይስ አንተ?»

በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው ተናገርኩ። ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ። ስጨርስ «ለእኔ ምን ያደርግልኛል? ለሷ ንገራት» አለችኝ። «በስልክ እንዳታደርገው ደግሞ። በስልክ ትከራከራለህ። ጻፈው።» ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች። ለእሷ የነገርኳት ይኸው ነው።

አባትሽ ሆስፒታል የገቡበት ሳምንት ነበር። ከመሄድሽ በፊት ሃያ አራቱን ጠብታዎች አዘጋጅተሽ ፕሌቱን አሸግሽና በክዳኑ ላይ «ሰባት ቀን ሳይሞላ ማንም እንዳይነካ» ብለሽ ጻፍሽ። ከዚያ በፊት በሁለት ዓመት ውስጥ አራት መቶ ጠብታ ከሽፎብናል። ሌላ ቡድን ሊቀድመን ነው የሚል ወሬ ነበር። አራት ቀን ቻልኩ። በአምስተኛው ገባሁ። ጠብታዎቹን በማይክሮስኮፕ አየኋቸው፤ ጥርት ያሉ ናቸው፣ ምንም የለባቸውም። ጥቂት የክሪስታል ፍርፋሪ ዘር አድርጌ ብሰጣቸው ይነሣሉ ብዬ ወሰንኩ።

ሁለቱ የድመት ጢሞችሽ በየቱቧቸው ቆመዋል። እነዚያ ድመታችን ሶፋው ላይ የጣለቻቸው፣ አንቺ ለቅመሽ በእንጨት ጫፍ ላይ ያጣበቅሻቸው፤ እኔ የስንት ሺህ ዶላር መሣሪያ ባለበት ተቋም በድመት ጢም ይሠራል ወይ ብዬ የሳቅኩባቸው። በአንዱ የሁለቱን ፕሮቲኖች ዘር ታሸጋግሪበታለሽ፤ በሌላው የክራይን ብቻ። የሁለቱ የሆነው ቱቦ ቀይ ነጥብ አለው፤ ሌላው ምልክት የለውም። ምልክት በቀይ ብዕር ይሁን ያልኩት እኔ ነኝ። ክራይ ብርሃን ከሚያውቁ ፕሮቲኖች ወገን ስለሆነ ለጥንቃቄ በቀይ መብራት ብቻ ይሠራ ያልኩትም እኔው ነኝ። ሁለቱን ሕግ በአንድ ስብሰባ ላይ ነው ያወጣኋቸው።

ቀይ ነጥብ በቀይ መብራት ሥር አይታይም። ሁለቱም ቱቦ ነጭ መሰለኝ። ተጠራጠርኩ፤ አልተጠራጠርኩም ብዬ አልዋሽሽም። ትልቁን መብራት ለአንድ ሰከንድ ባበራ ይበቃኝ ነበር። አላበራሁም። ሕግ ነዋ! ያንቺን ሕግ እየጣስኩ የራሴን አከበርኩ። የቀረበኝን ጢም አነሣሁና በሃያ አራቱም ጠብታ ውስጥ ጎተትኩት። ጢሙ ላይ የነበረው ለዐይን የማይታይ የክራይ ፍርፋሪ ከጠብታው ውስጥ የራሱን ወገን ብቻ እየለቀመ ተሰለፈ፤ ፐር ውጭ ቀረ።

ከዚያ፣ ከሄድሽ በስምንተኛው ቀን፣ መጣሽ። ከቀብር መልስ፣ ጥቁርሽን ሳታወልቂ፣ ቤት እንኳ ሳትገቢ በቀጥታ ወደ ቀዝቃዛው ክፍል። አሥራ አንድ ክሪስታል አየሽ። ከማይክሮስኮፑ ቀና ብለሽ «አባቴ ነው የላከልኝ» አልሽኝ። አለቀስሽ። በዚያች ሰዓት «አባትሽ አይደሉም፣ እኔ ነኝ» ማለት ነበረብኝ። እንዴት አድርጌ ልበልሽ? ነገ እነግራታለሁ አልኩ።

እስከዚህ ድረስ ሰው ሊራራልኝ ይችላል። ከዚህ በኋላ ግን አይራራልኝም። ራጁ ተነሥቶ ቁጥሮቹ ሲመጡ የክሪስታሉ ልክ ከድሮው የክራይ ብቻ ክሪስታል ልክ ጋር ሊገጥም ምንም አልቀረውም ነበር። አይቻለሁ። ሚሊሜትር የተባልኩት ሰው «መቼም ይመሳሰላል» ብዬ አለፍኩት። የፐር እጅ በተባለው ቦታ ምስሉ ደብዛዛ መሆኑን አንቺ አሳየሽኝ፤ «ስለሚንቀሳቀስ ነው» ብዬ ረታሁሽ። አንዱን ክሪስታል አሟሙተን እንመርምር አልሽ፤ «ያለን አሥራ አንድ ነው፣ አይባክንም» አልኩሽ። በክርክር የረታሁሽ ቦታ ሁሉ አንቺ ልክ የነበርሽበት ነው። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። ስንቁን አላውቅም፤ የእኔው ውሸት ግን ሲከብድ እንጂ ሲቀል አላየሁም።

ደግሞ የዛሬ ሁለት ዓመት አለ። ኩሽና ውስጥ፣ አሁን ይህን በምጽፍበት ጠረጴዛ ላይ። ማስታወሻ ደብተርሽን ዘርግተሽ «በዚያ ሳምንት ፕሌቱን ነክተሃል?» አልሽኝ። ድምፅሽ አልተቆጣም። እንደ ሙቀት መጠን፣ እንደ ጨው መጠን ነው የጠየቅሽኝ። እኔ ዐይኔን በጨው አጥቤ «እኔ? ያንቺን ፕሌት?» አልኩሽ። እንደተሰደበ ሰው ተነሥቼ ወጣሁ፤ ለሦስት ቀን አኮረፍኩሽ፣ አንቺም ይቅርታ ጠየቅሽኝ። ሁለት ወር ሳይሞላ ሻንጣሽን አነሣሽ። «ሥራ አግኝቼ ነው» አልሽ። ሥራ ማግኘትሽ እውነት ነው።

አሁን ያደረግኩትን ስሚ። ይህን ደብዳቤ ከመጀመሬ በፊት ለመጽሔቱ ጽፌ ልኬያለሁ፤ የመዝገቡም ገጽ አብሮት ሄዷል። ለዲኑ ቅጂ ደርሶታል፤ ፈገግ ይበልበት። ከዳይሬክተርነቱም ስሜን አስወጥቻለሁ። ስለዚህ አትከላከይልኝ፣ ጊዜው አልፏል። ሦስተኛውና አራተኛው ዓረፍተ ነገር ወጥተው በምትካቸው የሚገባው ይህ ነው፦

«ስህተቱ የተፈጠረው ሁለተኛው ደራሲ፣ የመጀመሪያዋ ደራሲ በሌለችበት፣ ሳያስፈቅድና የሠራውን ሳይመዘግብ ጠብታዎቹን በተሳሳተ ዘር በመንካቱ ነው። ስትጠይቀውም ክዷል። የመጀመሪያዋ ደራሲ በስህተቱ ድርሻ የላትም።»

«ስትጠይቀውም ክዷል» የምትለዋን አርታኢው ሳይንሳዊ አይደለችም ብሎ ሊያወጣት ይሞክራል። አንቺ እንዳትፈቅጂለት። ለዚያች ተማሪም ይህንኑ አንብቢላት፤ ሦስት ዓመቷን ማን እንደበላባት ታውቀው።

ከጽሑፉ ውጭ ግን አንድ ነገር ማወቅ አለብኝ። ያን «ምንም ድርሻ የለውም» ስትጽፊ ምን ታውቂ ነበር? ኩሽና ውስጥ ያልኩሽን አምነሽ ከሆነ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ የገዛ እጅሽን እየጠረጠርሽ፣ ቱቦ ባነሣሽ ቁጥር «ይኼኛው ነው ወይስ ያኛው» እያልሽ ኖረሻል ማለት ነው። እየዋሸሁ መሆኔን አውቀሽ፣ እስኪ ዝም ይል እንደሆነ ልየው ብለሽ ጽፈሽውም ከሆነ፣ ጥሩ አድርገሻል። የትኛው እንደሚሻለኝ ከጠዋት ጀምሬ አስቤበታለሁ። መምረጥ አልቻልኩም።

ብርዱ እዚያ ጀምሯል መሰለኝ፤ ልብስ ደርቢ፣ ጉሮሮሽን አትናቂው። እንቅልፍሽን በሰዓቱ ያምጣልሽ፤ ጠዋትሽም ሳትጠብቂው አይምጣብሽ። አንቺን ልጃችን ላይ ያየሁት ዛሬ ነው፤ እንዳንቺው ሳትጮህ ነው የፈረደችብኝ።

መልስሽን በጽሑፍ እፈልጋለሁ፤ በአዲሱ ጽሑፍ ላይ ከፈረምሽበት ወረቀት ጋር፣ እስከ ኅዳር 20 ቀን። በስልክ አልቀበልም፤ በልጃችን በኩልም አልቀበልም፤ በኮምፒውተር የተጻፈም አልፈልግም። በእጅሽ ጻፊው። ያ እጅ ምንም እንዳላጠፋ ካወቀ በኋላ እንዴት እንደሚጽፍ ማየት እፈልጋለሁ።

ባልሽ